የቡና ማሽኑ ቦታ

እናት የልጇን ሚስት በማለዳ በመስኮቱ ሥር ተንበርክካ ስትለካ ስታያት ደስ አላት። በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው መኖር ከጀመሩ ወዲህ ምራቷ የልብስ ሜትር ስትነካ አይታ አታውቅም። «መጋረጃ ልትቀይሪልን ነው?» አለቻት፤ መልስም ሳትጠብቅ ጨርቁ ሳሳ ያለ ቢሆን ብርሃን እንደማይከለክል፣ ጫፉ ከወለል ከፍ ቢል አቧራ እንደማይጠርግ፣ እሷም ቶሎ ሰፍታ እንደምታደርስላት ታስረዳት ጀመር። ምራቲቱ ቀና እንኳ ሳትል «የምን መጋረጃ አመጡ እማማ? ለቡናው ማሽን እኮ ነው የምለካው። እዚህ ነው የሚቆመው» አለች።

«እዚህ» ያለችው የእናት የስፌት መኪና ያለበትን ቦታ ነው። ግድግዳው ውስጥ በተሠራው ቁምሳጥንና በምሰሶው መካከል ገባ ያለች ስፍራ ናት። መስኮቱ ከበላይዋ ስለሆነ ከጧት እስከ ተሲያት ብርሃን አይለያትም። እናት ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው፣ የዚህንም ቤት ክፍያ የጨረሰችው እዚያች ቦታ ላይ ጎንበስ ብላ ነው። ዐይኗ ከደከመ ወዲህ ደግሞ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማሳለፍ የምትችለው በዚያ ብርሃን ብቻ ሆኗል። ወንድ ልጇና ሚስቱ የራሳቸው ቤት ተሠርቶ እስኪያልቅ «ለጊዜው» ብለው ሲገቡ ትልቁን መኝታ ቤት ለቀቀችላቸው፤ ሳሎኑን የእነሱ ሶፋና ቴሌቪዥን ሲሞላው ዝም አለች፤ ያቺ ቦታ ብቻ ቀረቻት። አሁን ምራቲቱ ጉልበቷን እያራገፈች ተነሳችና ማረፊያ የሚያሳጣ ትሕትናዋን አወጣች። «እርስዎ ወደ ዕቃ ቤቱ ይገባሉ እማማ። እንዲያውም ጸጥ ያለ ነው። አምፖሉን ደመቅ ያለ እናስገባልዎታለን።»

ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። እናት ጣቷን ወደ ሜትሩ ቀስራ «ልጄ፣ ሜትሯ እኮ…» ስትል ምራቲቱ አቋረጠቻት። «ኧረ እማማ፣ ቁጥር ማንበብ አይጠፋኝም! ይኸው፣ ዘጠና።» ሜትሩን ስፌት መኪናው ላይ ወርውራ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች።

ይህን ሁሉ ታናሽ ልጅቷ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ የኩሽናው በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ባለፈው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆና ተቀጥራለች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስሕተት ስታርም ውላ ቤት ስትገባ አንድ ቃል ለመናገር ላብ ያጠምቃታል። ሜትሯ ምን እንደሆነች ግን ታውቃለች። ጫፏ ላይ ያለው ቆርቆሮ ወልቆ ጨርቁ መተርተር ሲጀምር እናት ድሮ አሥሩ ላይ ቆርጣ ጥላዋለች፤ ከዚያ ወዲህ የለካችውን ሁሉ አሥር እየቀነሰች ነው የምታነበው። አዲስ ሜትር መግዛት አቅቷት አይደለም፤ እጇ ለምዶት ነው። በዚያ ቤት ያደገ ሰው «አሥሩን ቀንስ» የሚለውን የሰማው ፊደል ሳይቆጥር ነው። ወንድሟም በልጅነቱ የሜትሯን ጫፍ ይዞ የደንበኛ ትከሻ ሲያስለካ አድጓል። ረስቶታል። ሹመት ብዙ ነገር ያስረሳል። ቦታዋ እንግዲህ ሰማንያ ናት እንጂ ዘጠና አይደለችም። ቁርስ ላይ ልነግራቸው ብላ አሰበች።

ቁርስ ላይ ግን የሚናገረው ወንድሟ ብቻ ነበር። በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቱ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ነገ ከሰዓት ቤቱ ይመጣል። ባለፈው ወር እሱ ወደ አለቃው ቤት ሄዶ ነበር፤ እዚያ አለቃው እጅጌውን ሰብስቦ፣ በራሱ እጅ፣ በራሱ ማሽን ኤስፕሬሶ አወጣለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ እስካለፈው ወር ድረስ የሚሟሟ ቡና በሦስት ማንኪያ ስኳር ሲጠጣ የኖረ ሰው ዛሬ እንቁላሉን እየቆረሰ ስለ ክሬማ፣ ኤስፕሬሶው ላይ ስለሚንሳፈፈው አረፋ፣ ያወራል። «ክሬማው ማር መምሰል አለበት» ይላል፤ ሚስቱ «እንደ ማር» ብላ ትከተላለች። እሷ ቡና አትጠጣም፤ ጨጓራዋ አይፈቅድላትም።

«ምርጫውን ለዩኒቨርሲቲ ትቻለሁ» አለ እህቱን በሹካው እየጠቆመ። ሥራ ከያዘችም በኋላ የሚጠራት በዚህ ስም ነው፤ ሲያሞግሳት ይሁን ሲሳለቅባት አይለይም። «በይ፣ ምን ደረስሽበት?»

እውነቱን ለመናገር ደክማበታለች። የታዘዘችውን ነገር ሳታነብ መተው አትችልም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በስልኳ ላይ ስትቆፍር ከርማለች። የደረሰችበት ነገር ቀላል ነበር፤ ዋናው ማሽኑ ሳይሆን መፍጫው ነው። ቡናው እኩል ካልደቀቀ የትኛውም ማሽን ቢሆን ውሃው ክፍተቱን ፈልጎ ሾልኮ ያልፋል፤ የሚወጣውም በአንድ ጊዜ መራራም ጎምዛዛም ይሆናል። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ጥሩ መፍጫ ይሂድ፤ ማሽኑ አንድ ቦይለር፣ ማለትም አንድ የውሃ ማሞቂያ፣ ያለው ትንሽ ይበቃል፤ ለወተቱ ሙቀቱ ከፍ እስኪል ጥቂት መታገሥ ነው እንጂ እንፋሎቱ ብርቱ ከሆነ ለሁለት ሰው ማኪያቶ አያንስም። ሁለቱም ኩሽና ውስጥ ማቀዝቀዣው አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ከመስኮቱ ሥር ማንም መነሳት የለበትም። ይህን የመጨረሻውን ለመናገር አፏን ስትከፍት ወንድሟ «መፍጫ!» ብሎ ሳቀ። «አለቃዬን መፍጫ ላሳየው? ና ጌታዬ፣ ወፍጮ ቤት ከፍቻለሁ ልበለው?» ሚስቱ በሳቅ ሻዩ ትን አላት። እናት ቀስ ብላ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት። የሜትሩ ነገር ሳይነሳ ሳህኖቹ ተነሱ።

ከቁርስ በኋላ ሦስቱ በመኪና ወደ ማሽን መሸጫው ሱቅ ሄዱ። ሲወጡ እናት ካርቶን ፈልጋ ክሮቿን ከመሳቢያው እያወጣች በቀለም በቀለም ስትለይ ነበር፤ ልጅቷ የኋላ መቀመጫ ላይ ሆና ያንን ነው የምታየው። ቀዩ ከቀዩ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊው ጋር። አምፖል ሥር ጥቁሩና ሰማያዊው እንደማይለዩላት እናት ራሷ ነግራታለች፤ ባለፈው የአንድ ተማሪ ጥቁር ሱሪ በሰማያዊ ክር ሰፍታ፣ የልጁ እናት መልሳ አምጥታ ደንበኛ ፊት ወርውራባታለች። ዕቃ ቤት ገባች ማለት ስፌት አበቃ ማለት ነው። ስፌት አበቃ ማለት ደግሞ እናቷ በገዛ ቤቷ ውስጥ የልጇን እጅ የምታይ ሰው ሆነች ማለት ነው። የልጇን እጅ ደግሞ ታውቃለች። የእናቱን የዐይን ሕክምና «ትንሽ ሲሞላልን» እያለ ያቆየ እጅ ነው።

ሱቁ ውስጥ የማያብረቀርቅ ነገር አልነበረም፤ የዋጋ ወረቀቶቹ ብቻ ወደ ታች ተደፍተዋል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ዋጋ የሚታፈር ነገር ነው። ሻጩ ጠባብ ኮት የለበሰ፣ የገባውን ሁሉ «ቤተሰብ» እያለ የሚጠራ ጎልማሳ ነው። «ቤተሰብ፣ በቀን ስንት ሲኒ ትጠጣላችሁ?» አለ። ባልና ሚስት ተያዩ። «እንግዳ ይበዛብናል» አለች ሚስቲቱ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጣ እንግዳ ቆጣሪ አንባቢው ብቻ መሆኑን ልጅቷ አልተናገረችም።

ሻጩ ቡና ፈጨ፣ መዘነ፣ ጠቀጠቀ፣ አወጣ፤ በያንዳንዱ እርምጃ መካከል ቆም ብሎ ፊታቸውን ያያል። ወተቱን በብረት ማንቆርቆሪያ ይዞ እንፋሎቱን ሲለቅበት መጀመሪያ እንደሚቀደድ ወረቀት ድምፅ ሰጠ፤ ቀጥሎ ጸጥ ብሎ ተሽከረከረ፤ እንደ ቀለም ወፍሮና አብረቅርቆ ወጣ። ልጅቷ ያነበበችውን ነገር በዐይኗ ስታየው ሳታስበው ፈገግ አለች። ጥሩ ነገር ነበር። ለእናቷ አንድ ብታጠጣት ተመኘች። ወንድሟ ኤስፕሬሶውን ተቀብሎ ስኳር ሲጨምርበት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሻጩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚስቱ ሲኒውን በአፍንጫዋ ሥር አሳልፋ እንደ ሽቶ አሸተተችና «ደስ ይላል፤ ከሶፋው ጋር የሚሄድ ቀለም አላችሁ?» ስትል ጠየቀች።

የዚያን ጊዜ ነው ልጅቷ ድፍረቷን ሰብስባ ጥግ ላይ ወዳለችው ትንሽ ማሽን ያመለከተችው። «ጋሼ፣ ይቺና ያኛው መፍጫ ለቤት ይበቃሉ። ኩሽና ውስጥ ይቀመጣሉ። እማዬም ከቦታዋ…»

«ይቺማ የተማሪ ናት» አለ ወንድሟ።

«አንቺ ስታገቢ ትገዢያታለሽ፤ ወይም እንደ ሁኔታው ሳታገቢም» አለች ሚስቱ። ሻጩም ሳቀ፤ ገንዘብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ገብቶታል። ልጅቷ እጇን ኪሷ ከተተች።

የመረጡት ከመቆሚያው ጋር አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራውን ነው። እንደ መሠዊያ ያለ ነገር፤ ከላይ ሁለት ቦይለር ያለው ማሽን፣ በግራ በኩል ለዐይን የሚያምርና ለመፍጨት የማይረባ መፍጫ፣ ከሥር መሳቢያና የሲኒ መደርደሪያ። ወንድሟ ዋጋውን ገልብጦ አየና መልሶ ደፋው። በዚያ ዋጋ የእናቱ ሁለቱም ዐይን በታከመና ለመነጽር በተረፈ ነበር። «ወርዱ ሰማንያ ሰባት ነው» አለ ሻጩ። «ቦታችሁ ስንት ነው ቤተሰብ? ጠበብ ያለ ከሆነ ሰባ አምስትም አለ፤ ያው ነው፣ የሲኒ መደርደሪያው ብቻ ያንሳል። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ መቆሚያው አይነጣጠልም፤ የተሸጠ ዕቃም አንመልስም።»

«ዘጠና ነው። ራሴ ነኝ የለካሁት» አለች ሚስቱ።

ልጅቷ ሰባ አምስቱን አየችው። ሰማንያ ቦታ ላይ ቁጭ የሚል፣ እንዲያውም ጣት የሚያሳልፍ ነበር። አንድ ቃል ብትናገር ወንድሟ ይስቃል፣ ሚስቱ ታኮርፋለች፣ ሰባ አምስቱ ይገዛል፣ ከሰዓት እናቷ ዕቃ ቤት ትገባለች። ሁሉም ነገር በትክክል ተለክቶ፣ ማንም ሳይሳሳት። ስሕተት ማረም እንጀራዋ ነው፤ ሰው ሲሳሳት አይቶ ማለፍ እንደ ቁንጫ ይበላታል። ወንድሟ ደረሰኝ ሊያስቆርጥ ሲል ድንገት ዘወር አለ፤ ምናልባት ከልጅነቱ የቀረ አንድ ነገር ሽው ብሎበት ይሆናል። «ዩኒቨርሲቲ፣ ዘጠና ነው አይደል?»

«ሜትሩ ላይ ዘጠና ነው» አለች።

ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ያለ ነበር። ወንድሟ ራሱን ነቀነቀና ከፈለ።

ቤት ሲደርሱ እናት ጨርሳለች። የስፌት መኪናዋን ከጎረቤት ልጅ ጋር ገፍታ ዕቃ ቤቱ በር ድረስ አድርሳዋለች፤ ወለሉ ላይ እግሮቹ የነበሩበት አራት ነጭ ክብ ቀርቷል። ካርቶኗን ታቅፋ፣ ለቀብር እንደመጣ ሰው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጅቷ አጠገቧ ሄዳ ቆመች፤ ምን ትበላት? «ምሳ በላሽ እማዬ?» አለቻት። «በላሁ» አለች እናት። አልበላችም ነበር።

ተሸካሚዎቹ ዕቃውን ይዘው እየተነፈሱ ገቡ። ምራቲቱ ከፊት ከፊት ሆና «ቀስ! ግድግዳውን! ኧረ ቀስ!» ትላለች። ወደ ቦታው አስጠጉት። ምሰሶው ከለከለው። ዘወር አድርገው በሌላው ጎን አስጠጉት። ቁምሳጥኑ ከለከለው። አንደኛው ተሸካሚ ላቡን ጠርጎ «እሜቴ፣ መጀመሪያ ይሄን አስቀምጦ ነበር ቤቱን መሥራት» አለ፤ ጓደኛው ሳቀ፤ ወንድሟ አልሳቀም። «ግፋው!» አለ። ገፉት፤ ከምሰሶው ቀለም ተፈረፈረ እንጂ ወደ ውስጥ ፈቅ የሚል ነገር አልነበረም። ምራቲቱ ሜትሩን ነጥቃ ተንበረከከች፣ ለካች፣ እንደገና ለካች። «ዘጠና!» አለች ልታለቅስ እየደረሰች። «ይኸው እዩት፣ ዘጠና ነው!»

«አሥሩን ቀንሺ ልጄ» አለች እናት ከወንበሯ። «ጫፏ የተቆረጠ ነው። ጧት ልነግርሽ ስል ቸኮልሽ።»

 ወንድሟ ሜትሩን ከሚስቱ እጅ ወሰደና ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ እንዲህ ሲዳብሰው ፊቱ ላይ አንድ የቆየ ነገር መጣ፤ የደንበኛ ትከሻ ላይ ለመድረስ በጫማው ጫፍ የሚቆም ልጅ ነገር። ትዝ አለው። ሲታወሰው ይባስ ተናደደ፤ የሚናደድበት ሰው ግን ሲፈልግ እናቱን ማየት አልቻለም፣ ሚስቱን ማየት አልፈለገም፤ እህቱን አየ።

«አንቺ ታውቂ ነበር።»

«ሜትሩ ላይ ዘጠና ነው አልኩህ እኮ ጋሼ።»

አየችው። ዐይኗን ቀድማ የምትሰብረው ሁልጊዜ እሷ ነበረች፤ አሁን እሱ ሰበረው። ተሸካሚዎቹ ሌላ ቤት እንደሚጠብቃቸው አስታወሱ። ሱቅ ተደወለ፤ ሻጩ አሁን «ቤተሰብ» ማለቱን ትቶ «የተሸጠ ዕቃ» ይል ጀመር። ሳሎኑን ዞረው አዩት። በአንድ ግድግዳ ሶፋው አለ፤ በአንዱ ቴሌቪዥኑ ከነግዙፍ መደርደሪያው፤ ምራቲቱ ሁለቱንም «አይነካም» አለች። ኩሽናው አይቀበለውም። ሰማንያ ሰባት ሳንቲሜትር የማያስቸግረው ግድግዳ በትልቁ መኝታ ቤት ያለው፣ የምራቲቱ ባለ መስታወት የመኳኳያ ጠረጴዛ የቆመበት ብቻ ነበር። ለመኳኳያው ደግሞ ከዕቃ ቤቱ በቀር ቦታ አልተገኘለትም። ምራቲቱ መስታወቷ በጨለማው በር ሲገባ ቆማ አየች፤ ቅባቶቿንና ሽቶዎቿን በሁለት እጇ ታቅፋለች።

እናት ከወንበሯ ተነሳችና ትከሻዋን ዳበሰቻት። «አይዞሽ ልጄ» አለቻት። «አምፖሉን ደመቅ ያለ እናስገባልሻለን።»

ከልቧ ይሁን አይሁን ለማወቅ ልጅቷ እናቷን አጥብቃ አየቻት፤ የእናት ፊት እንደ ታጠፈ ጨርቅ ነው፣ ምንም አይነበብበትም። ተሸካሚዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ልጅቷ ለምናቸው የስፌት መኪናውን ለእናቷ ወደ ቦታው መለሱላት። አራቱ እግሮች አራቱ ነጭ ክቦች ላይ ሲያርፉ እናት ካርቶኑን ከፍታ ክሯን ማውጣት ጀመረች። ገና ብርሃን ነበር።

በማግስቱ ዋናው ሥራ አስኪያጅ መጣ። ቡናው ወዳለበት ክፍል ሲጠሩት በሩ ላይ ቆም አለና «መኝታ ቤት?» አለ፤ ገባ፤ በአልጋውና በማሽኑ መካከል ቆሞ ኤስፕሬሶውን ጠጣ፤ ፊቱን አጨማደደ። «እኔ የኔን ሸጥኩት» አለ ሲኒውን መልሶ ሲሰጥ። «ማጽዳቱ አታከተን።» ወተቱ ሳይፈላ ቀረ። በሳምንቱ፣ እንፋሎቱ የወተት ሽታ ልብሳቸው ላይ ሲያስቀር ማሽኑን መጠቀም ተዉና፣ ምራቲቱ ለማሽኑ የአቧራ ልብስ እንድትሰፋላት እናትን ጠየቀቻት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የጠየቀችው። እናት መኝታ ቤት ገብታ በዚያችው ሜትር ለካች፣ አሥሩን ቀነሰች፣ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሰፋችው። ልኩ ሆነ።